ሰርክላዥ ለሚለው ቃል ምሳሌ

በእኛ ቢሮ እያንዳንዱ ቃል ባለ አራት መስመር ካርድ አለው። በመጀመሪያው መስመር ቃሉ ይጻፋል፣ በሁለተኛው ከየት እንደመጣ፣ በሦስተኛው ምን ማለት እንደሆነ፤ በአራተኛው ደግሞ ቃሉ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር። ሦስቱ መስመሮች ባለቤት አላቸው፤ ማስረጃ ይጠየቅባቸዋል፣ ኮሚቴ ይቀመጥባቸዋል፣ ማኅተም ያርፍባቸዋል። አራተኛውን መስመር ግን ማንም አያነበውም። ባዶ ቤት እንዳገኘ ሰው ቀስ ብዬ ገባሁበት። መጀመሪያ ወንበር አስገባሁ፣ ቀጥሎ አልጋ፣ በመጨረሻም ሚስቴን።

የምናዘጋጀው የሥነ ተዋልዶ ጤና መዝገበ ቃላት ነው። ሥራው ከተጀመረ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንቱ ሰው ተፀንሶ፣ ተወልዶ፣ ጥርስ አብቅሎ፣ መዋዕለ ሕፃናት ገብቶ ጓደኛውን ነክሷል፤ እኛ ገና «ሰ» ላይ ነን። እኔና ባለቤቴም በእነዚሁ አምስት ዓመታት ሦስት ጊዜ ጀምረን ሦስቱንም ጊዜ አልጨረስንም። አምስተኛው ወር ላይ ስንደርስ፣ ያለ ምጥ፣ ያለ ህመም፣ ሳይንኳኳ እንደሚከፈት በር ሆኖ ያልቃል።

ለዚህ ነው «ህመም» የሚለው ካርድ ላይ፣ «ምንም ህመም አልተሰማትም፤ ያታለለንም እሱ ነው» ብዬ የጻፍኩት። ማን ያየኛል ብዬ።

ነጠላ ሰረዝ አየኝ።

ነጠላ ሰረዝ የምንለው ሰብሳቢያችንን ነው። ፊት ለፊቱ «ጋሼ» ነው የምንለው። አምስት ቃል ሲናገር መሃሉ ላይ ሦስት ጊዜ ስለሚያርፍ ነው ስሙ የወጣለት። አንድ ቀን ጠዋት ቢሮው ጠራኝና የካርድ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው።

«ይህ፣ ሰውዬ፣ ማን ነው?»

«የቱ ሰውዬ፣ ጋሼ?»

«በየካርዱ ላይ፣ ልጅ የሚፈልገው።»

መነጽሩን አድርጎ ያነብልኝ ጀመር። «ልብ ምት፦ የልብ ምቱን በጆሮዬ ሰማሁት፤ ከእኔ ይፈጥናል። ሐኪም፦ ሐኪሟ አይዟችሁ ወጣት ናችሁ አለችን፤ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሕፃን፦ የሕፃኑ ክፍል ለጊዜው የብስክሌት ማስቀመጫ ሆኗል። መንታ፦ መንታ ቢሆኑም ግድ የለንም፤ አንዱን ብስክሌቱ ላይ እናስተኛዋለን።» ካርዱን አስቀመጠው።

«ምሳሌ ነው፣ ጋሼ።»

«ምሳሌማ ነው። ከ‹ሀ› ጀምሮ፣ እያለቀሰብኝ ነው። ነገ አንዱ የነርሲንግ ተማሪ፣ ማህፀን የሚለውን ሊፈልግ ገልጦ፣ አንተን ያገኛል።»

እንደማስተካክል ቃል ገባሁ። ነጠላ ሰረዝ ትንሽ አየኝ፤ የሆነ ነገር ሊጠይቀኝ አስቦ በእረፍቱ መሃል ተወው። ከዚያ ቀጣዮቹን ሁለት ካርዶች ሰጠኝ። አንደኛው ላይ ያለፈው ኮሚቴ ያጸደቀው ቃል ነበር፦ «ብቃት የሌለው የማህፀን በር»። ሁለተኛው ላይ «ሰርክላዥ» ብቻ ተጽፎበታል፤ ከጎኑ በቀይ፣ «መነሻው ይጣራ፤ አቻ ቃል ይፈለግለት» ይላል።

እጄ ላይ ምን እንዳስቀመጠ አላወቀም። ሚስቴ በዚያን ቀን የአሥራ ሰባት ሳምንት እርጉዝ ነበረች። በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ሐኪሟ የማህፀኗን በር ዙሪያውን በክር አስራላታለች፤ ያለጊዜው እንዳይከፈት። ሰርክላዥ ይሉታል።

ባለቤቴ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ሁለት መስታወት እያቀያየረች «የቱ ይሻላል፤ ይሄ ወይስ ይሄ?» ትላለች። ሥራው ቤት ድረስ ተከትሏት መጥቷል፤ መጋረጃም፣ ሸሚዝም፣ ጠብም በዚሁ መንገድ ነው የምትመርጠው። ሐኪሟ «ከባድ ነገር አታንሺ እንጂ ሌላውን እንደ ልማድሽ» ብላታለች። እኔ ግን ማንኪያ ስታነሳ እንኳ ከሌላ ክፍል እየሮጥኩ እደርሳለሁ። ያን ቀን ከሰዓት፣ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ሁለቱን ካርዶች ተቀበለችኝ።

«ብቃት የሌለው?» አለች። «ከማን ጋር ተወዳድሮ ነው?»

«እንግሊዝኛው ነው እንደዚያ የሚለው።»

«እንግሊዝኛው ምን አገባው? የደንበኛዬ ዓይን ሲደክም እኔ ‹ብቃት የሌለው ዓይን› ብዬ ነው የምጽፈው? ወንበሩን ይዞብኝ ነው የሚሄደው!» ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «በቃ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍልኝ። ግልባጭ ለቀኝ እንቁላል ማፍሪያ፣ ግልባጭ ለግራ እንቁላል ማፍሪያ፣ ግልባጭ ለሰው ሀብት አስተዳደር።»

ሳቅን። ሲያልቅልን ካርዱን ደግማ አየችው።

«የሕክምና ካርዴ ላይም ይሄ ነው የተጻፈው?»

«አዎ።»

«ሦስቱንም ጊዜ?»

ካርዱን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልለቀቀችውም።

«እኔኮ ይዣቸው ነበር» አለች። «በደንብ ነው የያዝኳቸው።»

ሦስቱንም ጊዜ ሲያልቅብን ከራሳችን ይልቅ የከበደን ለአባቷ መንገር ነበር። አባቷ በርሜል ሠሪ ነው፤ ከኮምጣጤ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ወርክሾፕ የእንጨት በርሜል ይሠራል። ከእጁ ክብ ያልሆነ ነገር ወጥቶ ስለማያውቅ ሠራተኞቹ ጋሽ ክብ ይሉታል፤ እሱም «ክቡር ልትሉኝ ፈልጋችሁ ትንፋሽ አጥሯችሁ ነው» ይላል። ለመጀመሪያው ልጅ፣ ገና በሁለተኛው ወር ነግረነው፣ በሳምንቱ የሕፃን መታጠቢያ ገንዳ ሠራ። በርሜል ለሁለት የተቆረጠ የሚመስል፣ ሁለት የብረት ቀለበት ያለው፣ ክርን እንዳይጎዳ ጠርዙ የለሰለሰ። ለሁለተኛው ሙሉውን ደግሞ በአሸዋ ወረቀት አሸው። ለሦስተኛው አቧራውን ብቻ ጠረገለት።

«ሦስት ጊዜ ደውዬ ‹አባባ፣ አልሆነም› ብዬዋለሁ» አለችኝ በአራተኛው መጀመሪያ። «አራተኛ አልደውልም። ሰባት ወር ይሙላና በእግሬ ሄጄ ሆዴን አሳየዋለሁ።»

ሆዷ እንዳይታይባት መሄድ አቆመች። ከእኛ ቤት እስከ እሱ ሦስት የአውቶቡስ ፌርማታ ነው። ስልክ ሲደውልላት «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አባባ» ትለዋለች፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ከጆሮዋ አታወርደውም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቅዳሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ያሳለፈው በእኛ ምክንያት ነው። ልጅ ናፍቃ አባቷን ደግሞ ናፈቀች፤ ሁለቱን ናፍቆት አንድ ሶፋ ላይ አስተኝቼ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።

የሰርክላዥን መነሻ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ነው። ሐኪሞቹ ቃሉን ከመውሰዳቸው በፊት የበርሜል ሠሪዎች ነበር፤ በርሜልን በቀለበት ማሰር ማለት ነው። የፈረንሳይኛውን መዝገበ ቃላት እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ጠረጴዛ የምትጋራኝ ባልደረባዬ «ምነው?» አለችኝ። «ዘመድ አገኘሁ» አልኳት።

የቢሮአችን መመሪያ ቁጥር ሦስት፣ «የሙያ ቃል ከባለሙያው አፍ ይወሰድ» ይላል። በመላው ዓለም የማውቀው በርሜል ሠሪ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ይቅርብኝ» ይል ነበር። እኔ ግን የካርድ ሰው ነኝ፤ ሁለተኛው መስመር አቻ ቃሉ ሳይጻፍበት ክፍት ሆኖ ሲያድር ራሴን ያመኛል። ስለበርሜል ብቻ ጠይቄ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ።

ከመሄዴ በፊት ካርዱን ሞላሁት። ሦስተኛው መስመር ላይ፦ «የማህፀን በር ያለጊዜው እንዳይከፈት ዙሪያውን በክር ማሰር»። አራተኛው ላይ፣ ለነጠላ ሰረዝ የገባሁትን ቃል ረስቼ፦ «በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ሰርክላዥ ተደረገላት፤ ዛሬ አሥራ ሰባተኛው ነው፤ አባቷ አያውቅም።»

ወርክሾፑ የተላገ እንጨትና የኮምጣጤ ሽታ አለው። ጋሽ ክብ አንድ በርሜል እየዞረ ቀለበቱን በመዶሻ ወደታች እየመታ ነበር፤ በአንድ እጁ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ብረት ቀለበቱ ላይ ይደግናል፣ በሌላው ይመታል፣ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ጭፈራ ይመስላል።

«ኦ፣ መዝገቡ!» አለኝ። ካገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚለኝ። «ዛሬ ምን ጎድሎህ መጣህ?»

«ቃል ጎድሎኝ።»

«እኛ ጋ መዶሻ ነው ያለው። ልጄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሥራ በዝቶባት ነው።»

«አሃ። የሰው ሁሉ ዓይን በአንድ ወር ደከመ ማለት ነው።»

አንገቴን ደፍቼ ካርዴን አወጣሁና ቀለበቱን እሱና ሠራተኞቹ ምን እንደሚሉት ጠየቅሁት።

«መቀነት ነዋ። ላይኛው የአንገት መቀነት፣ መሃለኛው የሆድ መቀነት። በርሜል ሙጫ የለው፣ ምስማር የለው። ሃያ ስምንት ጣውላ ተደግፎ ነው የቆመው። መቀነቱን ፍታው፣ የማገዶ ክምር ነው።»

«በጣም ቢጠብቅስ?»

«ጣውላው ይሰነጠቃል።»

«ቢላላስ?»

«ይፈሳላ።»

«ልኩ በምን ይታወቃል?»

«በድምፁ። መጀመሪያ ስትመታው ያንኳኳል። ልኩ ሲደርስ ይዘምርልሃል። ስማ።» መታው፤ እውነትም ዘመረ።

እዚህ ላይ አመስግኜ መውጣት ነበረብኝ። «በርሜሉ ራሱ፣ ማለቴ፣ ብቃት ቢያንሰውስ?» አልኩ።

መዶሻውን አወረደ። «ምን ቢያንሰው?»

«ብቃት።»

«በርሜል ተማሪ ነው እንዴ? ውሃ ሲበዛበት ጣውላው ይከፈታል፤ ታስረዋለህ። አለቀ።»

«ከታሰረ በኋላስ ይይዛል? ለምን ያህል ጊዜ? መቀነቱ በስንተኛው…»

«መዝገቡ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለበርሜል እንዲህ የሚጨነቅ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።»

ዓይኔን አሸሸሁ። የሸሸበት ቦታ የባሰ ሆነ፤ መደርደሪያው ላይ ገንዳው ነበር። ሁለቱ ቀለበቶቹ ተንሸራተው ግርጌው ላይ ወድቀዋል። በጣውላዎቹ መሃል ብርሃን ይታያል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ደርቆ ነው። ውሃ ካላገኘ እንጨቱ ይሟሽሽና መቀነቱ ይወድቃል። እንጨቱ ምንም አልሆነም። ብዙ ጠብቆ ነው።»

«ታዲያ ለምን ውሃ አያስገቡበትም?»

«ለማን ብዬ?» አለና መዶሻውን አነሳ።

መውጣቴን እንጂ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ «መቀነት» የሚለውን ካርዱ ላይ ልጽፍ ኪሴን ስዳብስ ካርዱ የለም። ሌላኛውን ኪስ፣ ቦርሳውን፣ የሸሚዝ ኪሱን፣ የመቀመጫውን ሥር ፈተሽኩ። ከዚያ ታየኝ፤ ድምፁን ስማ ሲለኝ ሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ነበር። ከነአራተኛው መስመር።

ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርጄ ተመለስኩ። ወርክሾፑ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበር።

«ጋሽ ክብስ?»

«ፈቃድ ጠይቆ ወጣ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስሠራ ከሰዓቱ በፊት ሲወጣ ዛሬ ገና አየሁት። ማን ሞተበት?»

መደርደሪያው ባዶ ነበር።

የቤታችንን ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በሩጫ ስወጣ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። በሩን ስከፍት ጋሽ ክብ በረንዳው ላይ ተንበርክኮ የገንዳውን ቀለበት እየመታ ነው። ባለቤቴ በረንዳው በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። የመነጽር መጥረጊያ ጨርቋን ይዛ፣ መነጽር ሳታደርግ፣ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሆዷ በቤት ሸሚዟ ሥር ክብ ብሎ ይታያል።

«አንተ ከሃዲ» አለችኝ። ግን አልተቆጣችም።

«በካርዱ ነው…»

«አውቃለሁ በካርዱ ነው! ሌላው ሰው ሚስጥር በስካር ያወጣል፤ አንተ በመዝገበ ቃላት!»

ጋሽ ክብ ዞር ሳይል ተናገረ። «በሩን ስትከፍትልኝ ልትደበቅ መጋረጃ ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ቤቱን ተሳስቻለሁ እንዴ አልኩ፤ የማላውቃት ወይዘሮ ቆማለች።»

«አባባ፣ ልነግርህ ነበር፤ ሰባት ወር ሲሞላ…»

«ሦስት ጊዜ ደውለሽ ነግረሽኛል። አራተኛውን እዚሁ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ የሆነው ይሁን።» ብረቱን አንድ እርምጃ አዞረና መታ። «ሐኪሟስ ከባድ ነገር አታንሺ አላለችሽም? ይሄን ሁሉ ብቻሽን ይዘሽ መዞር ምን ይባላል?»

መዶሻውን አስቀመጠ። ከኪሱ ካርዴን አውጥቶ ሰጠኝ። በአናጢ እርሳስ፣ ወፍራም አድርጎ፣ «አያውቅም» የሚለውን ሰርዞ ከላዩ «አወቀ» ብሎ ጽፎበታል። ሁለተኛው መስመር ላይም፣ ባዶ በተውኩት ቦታ፣ «መቀነት» ይላል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል፤ ገንዳውን ውሃ ይሞላዋል። በመጀመሪያው ቀን እንደ ወንፊት ነበር። ከታች የምትኖረው ሴትዮ አንገቷን አውጥታ «እናንተ! ዝናብ በሳምንት ስንት ቀን ነው የምታዘንቡት?» አለች። ጋሽ ክብ «እስኪጠጣ ታገሺን እህቴ» አላት። በሁለተኛው ቀን ወረንጦ የሚያሾልክ ክፍተት ብቻ ቀረ። በሦስተኛው ላብ ይመስል ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ውሃው እንደሞላ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ደርቋል። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። በባዶ እግሯ መጥታ አየችው፤ እጇን ውሃው ላይ አስቀመጠች።

አሥራ ዘጠነኛው፣ ሃያኛው፣ ሃያ አንደኛው ሳምንት። እነዚህን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንደምጽፋቸው አላውቅም። መጸዳጃ ቤት ገብታ እስክትወጣ በሩ አጠገብ የሌለ ነገር እፈልጋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሥራ እየሄደች፣ ተቀምጣ የሰው ዓይን ትመረምራለች፤ ስትመለስ በደረጃው ላይ የእግሯን ኮቴ እቆጥራለሁ። ቤት ውስጥ «ነገ» የሚለውን ቃል አንጠቀምም። አንዴ የሚዘል ሕፃን መንገድ ላይ አይታ «የቱ ይሻላል፤ ወንድ ወይስ…» ብላ ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ክብ ብቻ ነበር እንደ ልማዱ የሚያወራው፤ ስለ ጣውላ። አንድ ቀን ግን ከኩሽና ስመለስ፣ ሶፋው ላይ ተኝታ እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ጆሮውን ወደ ሆዷ አስጠግቶ፣ በጣቱ ጥፍር የሶፋውን ጠርዝ ቀስ አድርጎ ይመታል።

«ምን ይላል፣ አባባ?»

«ይዘምራል» አላት።

ሃያ ሁለተኛው ሳምንት ሲያልፍ ብስክሌቶቹን ወደ ኮሪደር አወጣኋቸው።

በዚያው ሰሞን ሁለቱ ካርዶቼ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ስለ «ብቃት የሌለው» ሦስት ስብሰባ ተቀመጥን። አንዱ አባል ቃሉ በነጋሪት ካልታወጀ አይቀየርም ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ሌላው «ደካማ ይባል» አለ፤ ሦስተኛው ለደካማ ትርጉም ይሰጥልኝ አለ። እኔ የሚስቴን ዘዴ ተጠቀምኩ። የድሮውን ካርድና «የማህፀን በር መላላት» ብዬ የጻፍኩበትን አዲስ ካርድ ከፍ አድርጌ ያዝኩና «እስቲ እህታችሁ ናት እንበል። ሐኪም ቤት ቁጭ ብላ ካርዷን እያነበበች ነው። የቱ ይሻላል፤ ይሄ ወይስ ይሄ?» አልኩ። «የማህፀን በር መላላት» በአንድ ድምፅ ተአቅቦ አለፈ። ተአቅቦ ያደረገው እህት የለኝም ብሎ ነው።

ሰርክላዥ ላይ ስንደርስ ነጠላ ሰረዝ ካርዱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይህ፣ የአናጢ እርሳስ፣ የማን ነው?»

«የመረጃ ሰጪው ነው፣ ጋሼ። ባለሙያው ራሱ ያረመው።»

«የማህፀን መቀነት» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሃሉ ላይ ሳያርፍ። ማኅተሙን አነሳ፤ ከዚያ አራተኛውን መስመር ደግሞ አነበበና መልሶ አስቀመጠው። «ምሳሌው፣ አላለቀም። ሲያልቅ፣ ታመጣዋለህ። ሳጥኑን፣ ክፍት አቆየዋለሁ።» ስወጣ በሩ ላይ ጠራኝ። «አንተ። መንታ የሚለውን፣ አልነካሁትም።»

በሠላሳ ሰባተኛው ሳምንት ክሩ ተቆረጠ። ቦርሳ አዘጋጅተን፣ የሕፃን ልብስ ይዘን፣ ጋሽ ክብ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ሦስታችንም ክሩ በተቆረጠ በደቂቃው ልጁ ዘሎ የሚወጣ መስሎን ሄድን። ሐኪሟ መቀስ አነሳች፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ክሩን ትሪው ላይ አሳየችን። ሰማያዊ፣ ከጫማ ማሰሪያ የሚያጥር። ሃያ አራት ሳምንት የኖርነው በዚያ ላይ ነበር።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁን ወደ ቤታችሁ።»

ሄድን። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ጋሽ ክብ ፈቃድ ወስዶ በረንዳው ላይ ሠፈረ። ስምንት ቀን። ያ ብቃት የሌለው ተብሎ የተፈረደበት በር አሁን ማንም ሳያስረው፣ ተለምኖም፣ አልከፈት አለ።

«አሁን ምን ብላችሁ ልትጽፉልኝ ነው?» አለች ባለቤቴ ክፍሉን እየዞረች። «ብቃቱ ከመጠን ያለፈ?»

«ውሃውን የጠገበ በርሜል ነው» አለ አባቷ ከበረንዳው። «መቀነቱን ብታወልቂለትም ትንሽ ይቆማል። ኩራት ነው።»

«በማን ወጣ ታዲያ?»

«በእናትሽ።»

እንደዚያ ስንጠብቅ፣ ጥበቃው ራሱ ቀስ በቀስ መልኩን ለወጠ። ድሮ የምንጠብቀው እንዳይመጣ ነበር፤ አሁን እንዲመጣ እንጠብቃለን። ሁለቱም ደረትን በአንድ ቦታ ነው የሚይዙት፤ ልዩነቱን የነገረችኝ እሷ ናት። «በፊት ስተኛ እጄን ጨብጬ ነበር» አለችኝ። «አሁን እጄ ተከፍቶ ነው የማገኘው።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ክብ ገንዳው ላይ ውሃ ጨምሮ ወደ ውስጥ ሲገባ እግሩ እርጥብ ወለል ረገጠ። ከሳሎኑ መሃል እስከ በረንዳው በር ድረስ ውሃ ፈሷል።

ፊቱ ተለዋወጠ። «አይሆንም» አለ። ተመልሶ ገንዳው ሥር ተንበረከከ፤ ግርጌውን በመዳፉ ዳበሰ፣ ቀለበቱን በጥፍሩ መታ፣ ጆሮውን አስጠጋ። «አይሆንም! አምስት ወር ጠብታ አላወጣም! ደረቅ ነው፣ መዝገቡ፣ ና ዳብሰው፣ ደረቅ ነው!»

ባለቤቴ የክፍላችንን በር ደፍ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ርሷል። እየሳቀች ነበር፤ ሳቁ መሃል ላይ ተቆርጦ ፊቷ ጭምድድ አለ፤ ከዚያ መልሳ ሳቀች።

«አባባ፣ ገንዳውን ተወው» አለችው። «እኔ ነኝ።»

መዳፉን ገንዳው ላይ እንዳደረገ ቀረ።

ቦርሳውን ለማንሳት ሳጎነብስ ካርዱ ከሸሚዜ ኪስ ወደቀ። አየችኝ።

«ይህን ብትጽፈው!» አለችኝ።

«አልጽፍም።»

«ጫማዬን አምጣ።»

አመጣሁላት። አባቷ ክንዷን ያዘ፣ ደረጃውን በየአንዱ እያረፍን ወረድን፤ ከታች የምትኖረው ሴትዮ በሯን ከፍታ ደረጃውን ቁልቁል የሚከተለንን ውሃ አየች፤ ልትጮህ አፏን ከፍታ ሚስቴን አየችና ሮጣ የውጭውን በር ከፈተችልን።